«ካልከፈልክ ዳርክ ዌብ ላይ እለቅሃለሁ» ተብያለሁ፤ ልክፈል?

ጥያቄ፦ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ፀጉር ቤት ያለኝ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከወር በፊት የአንድ ደንበኛዬን ጢም ሙልጭ አድርጌ ላጨሁት። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ላይ ብጉር ወጣበት፤ አንዳንዱም መግል ያዘ። አሁን 20 ሺህ ብር ካሳ ይለኛል። «ካልከፈልክ ፎቶህንና መታወቂያህን ዳርክ ዌብ ላይ እለቀዋለሁ፤ እዛ ፖሊስ አይደርስም» ብሎ በቴሌግራም ጽፎልኛል። የአንድ እቁብ አባላት ስለሆንን የመታወቂያዬ ፎቶ እጁ ላይ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር። ሁለት ጉዳይ ተደባልቆብሃል። ለብጉሩ ካሳ ልትከፍል የምትችልበት ሁኔታ አለ። ለዛቻው ግን ሰባራ ሳንቲም አትክፈል። አንዴ ከከፈልክ ፎቶው አሁንም እጁ ላይ ነው፤ ነገ ደግሞ ይመጣል።

እንቅልፍ ከነሳህ ከዛቻው ልጀምር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 እንዲህ ያለውን ዛቻ ይመለከታል። በኮምፒውተር አማካይነት ጽሑፍ ወይም ምስል እያሰራጨ ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ያስፈራራ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ይጠብቀዋል። ነገሩ ከባድ ከሆነ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ያንተ ጉዳይ በዚህ አንቀጽ ይሁን ወይም አስፈራርቶ ገንዘብ በመጠየቅ በወንጀል ሕጉ፣ እሱን ዓቃቤ ሕግ ይመዝነዋል። አንተ ማመልከት ብቻ ነው ያለብህ።

ዛሬውኑ ግን መልእክቱን ያዝ። ቴሌግራም ላይ ላኪው የጻፈውን ካንተም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስክሪንሾት አንሳ። ከዚያ የሰው ስልክ ተውሰህ፣ ስሙና የተላከበት ሰዓት እንዲታይ አድርገህ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅረጸው። አንተም ዝተህ እንዳትመልስ።

«እዛ ፖሊስ አይደርስም» ያለው ወሬ ነው። ዳርክ ዌብ እንደ ቶር ባለ ልዩ ብሮውዘር የሚከፈት የኢንተርኔት ክፍል ነው። አድራሻህን ይደብቃል እንጂ አንተን ከምድር አያጠፋህም። የ«ሲልክ ሮድ» የዕፅ ገበያ መሥራች በ2013 እ.ኤ.አ. የተያዘው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ ላፕቶፑ እንደተከፈተ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ ፖሊስ «ሀንሳ» የተባለውን ገበያ በድብቅ ተረክቦ አንድ ወር ገደማ ራሱ አስተዳድሮታል። ፖሊስ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሰውየው በሠራው ስህተት ነው። ያንተው ሰው ደግሞ ገና ሳይገባበት በራሱ አካውንት ጽፎልሃል። «ስምህ እዛ መኖሩን ላጣራልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ አትስማው።

አሁን ወደ ብጉሩ። ጥቅልል ጢም ከሥሩ ሲላጭ ጫፉ ይሾላል። ሲያድግ ይጠቀለልና መልሶ ቆዳውን ይወጋል። ይህ ምንም ሳታጠፋም ሊመጣ ይችላል። ብጉር ስለወጣ ብቻ ተጠያቂ አትሆንም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ካሳ ይክፈል ይላል። አንቀጽ 2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። ስለዚህ ራስህን በሐቅ ጠይቅ። ምላጩ አዲስ ነበር? ቆዳውን ወጥረህ፣ ከአበቃቀሉ በተቃራኒ ደጋግመህ ሄድክበት? ብጉር እንደሚያወጣበት ቀድሞ ነግሮህ ነበር? ያገለገለ ምላጭ ከነበረ አልደብቅህም፣ ጥፋቱ ያንተ ነው። እንዲህ ያለው ምላጭ ሄፓታይተስና ኤችአይቪም ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ቶሎ ንገረውና ይመርመር። የላጨው ሠራተኛህ ቢሆንም በአንቀጽ 2130 የምትጠየቀው አንተ ነህ።

ቢሆንም 20 ሺህ ብር ከመሬት ተነሥቶ አይጠራም። የሐኪም ማስረጃና የመድኃኒት ደረሰኝ ያምጣ። ክስ ማቅረብ ከፈለገ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት አለው። እኔን ብትሰማኝ ግን ለብጉሩ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጡ። የተስማማችሁትን በጽሑፍ አድርጉና ምስክሮች ይፈርሙበት።

እስኪድን ድረስ ጢሙን ባይላጭ ይሻለዋል። ወደፊት እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ምላጩን ተወውና በቶንዶስ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርተህ ቁረጥለት። በምላጭ ካለ ደግሞ ጢሙን ለብ ባለ ውሃ አርስና ወደ አበቃቀሉ ላጨው።