የተቀዳ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ እያዜምኩ በስልክ እቀዳለሁ። ሳዳምጠው ግን ድምፄ ቀጭን ነው፤ አፍሬ አጠፋዋለሁ። ምን ላድርግ? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ አያጥፉት! ስናዜም ድምፃችንን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም እንሰማዋለን፤ አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል። ስልኩ የሚይዘው በአየር የሚመጣውን ብቻ ስለሆነ ይቀጥንብዎታል። ሰው ሁሉ ግን እርስዎን የሚያውቀው በዚሁ ድምፅ ነው። ጆሮዎ እንዲለምደው በየቀኑ አንድ ስንኝ ይቅዱና በማግስቱ ያዳምጡ።

ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው ድምፅዎን አፍነው የሚያዜሙ ከሆነ ትልቁ ችግር እሱ ነው። ትንፋሽ ሲያንስ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ከቅኝትም ይወጣል። በሙሉ ትንፋሽ ያዚሙ፤ ከፍ ያለው ቦታ ካስጨነቀዎ ዜማውን በግማሽ ወይም በአንድ ቶን (የድምፅ ከፍታ መለኪያ እርከን) ዝቅ አድርገው ይጀምሩ።

የድሬ ሙቀት ቬንትሌተር ያስከፍታል፤ ሽውታው ግን ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ፣ ሳይሞቅ፣ አጥፍተው ይቅዱ። ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ልብስ የሞላ ቁምሳጥን ከፍተው ወደዚያ ዞረው ያዚሙ። ስልኩን ከአፍዎ 20 ሳንቲሜትር ያህል አርቀው ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «በ» ሲወጡ ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። ሙዚቃውን በኢርፎን ሲከተሉ ደግሞ አንድ ጆሮዎን ክፍት ይተዉት፤ ሁለቱም ከተደፈኑ የራስዎን ቅኝት መቆጣጠር ያስቸግራል።