ሾክ ከመግዛትህ በፊት ሞላውን እየው

በረዶ ሊጥል ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መጨረሻቸው ወገብ ነው። ሞቃቱን ወራት ተሸፍኖ የቆመው ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር) ይገለጣል፤ ባለቤቱ ከኋላ ጫን ጫን ያደርገውና "ይሄ ሾክ አልቆለታል" ብሎ ይፈርዳል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ተከሳሹ ሌላ ነው። ሰሞኑን ከመጡት ጥቂቶቹን እነሆ።

"ማሽኔ 10 ዓመት ሊሞላው ነው። ጉብታ ስመታ ከኋላ 'ዷ' ይልና ወገቤን ይለኛል። ለኋላ የትኛውን ሾክ ትመክረኛለህ?"

ለጊዜው ዋጋ ማጠያየቁን ተወው። ክብደትህን የሚሸከመው ሾኩ ሳይሆን ሞላው ነው። የሾኩ ሥራ ሞላው ሲጨመቅና ሲመለስ ፍጥነቱን መግታት ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች ተጨናንቆ ያልፋል፤ የጉብታው ጉልበት እዚያ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ሞላህ ደክሞ ከሆነ፣ ውዱን ሾክ ብትገጥምለትም 'ዷ' ማለቱን አይተውም።

እንዲህ አድርግ። አንድ ሰው የኋላ መከላከያውን ይዞ ቀና ያድርግልህ፣ እገዳው (ሾኩና ሞላው ያሉበት ተንቀሳቃሽ ክፍል) እስከ መጨረሻው እስኪዘረጋ። ከመሬት እስከ መከላከያው ለካ። ከዚያ የምትነዳበትን ልብስ በሙሉ ለብሰህ ተቀመጥ፤ ሁለት ሦስቴ ነጠር ነጠር በልና ደግመህ አስለካ። ልዩነቱ ነው ቁም ነገሩ። በአንዳንድ ሞዴሎች ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ ይበቃል፣ እገዳቸው ረጅም ርቀት በሚወርድ ከዚያ ይበልጣል፤ የማሽንህ መመሪያ ልኩን ይነግርሃል። ከልኩ በላይ ከወረደ መጀመሪያ ሞላውን አጥብቀው። ሾኩ ላይ ያልተጠመጠመ፣ እየተጠማዘዘ የሚሠራ (ቶርሽን) ሞላ ካለህ ጫፉ የሚያርፍበትን ባለ ደረጃ ማስተካከያ አዙር። ጠብቆም ካልበቃህ የሚያስፈልግህ ወፍራም ሞላ ነው።

ሾኩን ለመመርመር ደግሞ ፈትተህ አውጣው። ሞላው ሾኩ ላይ የተጠመጠመ ከሆነ ያለ መጭመቂያ መሣሪያ እንዳትነካው፤ ጣት ይቆርጣል። ሞላው ከወጣ በኋላ ሾኩን አቁመህ ደጋግመህ ተጫነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ሊከብድህ ይገባል። መሐል ላይ ባዶ ሆኖ ዘው ካለ ወይም ከተንቦጫረቀ ዘይት ጎድሎታል። ጋዝ ያለው ሾክ ሲለቀቅ ዘንጉ በራሱ ቀስ እያለ መውጣት አለበት። ተኝቶ ከቀረ ጋዙ ወጥቷል።

"ከትራኩ (ማሽኑን ከሥር ከሚገፋው የጎማ ቀበቶ) ውስጥ ካሉት ሁለት ሾኮች የፊተኛው ዘይት ያንጠባጥባል። ሁለተኛው ደህና ነው። እንደ መኪና ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ?"

የለም፣ እህቴ። መኪና ላይ አብረው የሚቀየሩት ግራና ቀኝ መንትዮች ስለሆኑ ነው። ከፊት ያሉትን የሁለቱን መንሸራተቻዎች ሾኮች ብትጠይቂኝ ኖሮ መልሴ "አዎ፣ ሁለቱንም" ነበር። የኋላ እገዳው ሁለት ሾኮች ግን መንትዮች አይደሉም። በርዝመትም፣ በውስጥ አሠራርም፣ በሥራም ይለያያሉ።

ያንጠባጠበው መካከለኛው ሾክ የሚባለው ነው። ጉብታውን ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው፤ መሪሽም ላይ እጁ አለበት። የሱ ሞላ በጣም ሲጠነክር ክብደት ከመንሸራተቻዎቹ ላይ ይነሳል። መሪው ይቀልሻል፣ ግን ኩርባ ላይ ማሽኑ አልታጠፍም ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄድብሻል። ስለዚህ እሱን ስትቀይሪ "ጠንከር ያለ ይሻላል" የሚል ምክር አትስሚ። ለሞዴልሽ የተሠራውን ግዢ።

"ከሌላ ዓመት ምርት የወጣ ያገለገለ ሾክ በርካሽ አገኘሁ። ከኔው በ1.5 ሳንቲም ብቻ ይረዝማል። ብሎኑም ልክ ነው። ይሆናል?"

ይሄ ጥያቄ የቆየ ቁስሌን ነካው። እኔም አንድ ጊዜ "ትንሽ ነው" ብዬ ገጥሜ ነበር። ዘንጉ ተጣሞ ነው የወጣው።

ከብሎን ቀዳዳ እስከ ብሎን ቀዳዳ ሰው ሁሉ የሚለካው ሾኩ ተዘርግቶ ሳለ ነው። ተጨምቆ ሳለ የሚኖረውን ርዝመት ማንም አይለካም። ጉዱ ያለው ግን እዚያ ነው። እገዳው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ መጨረሻ ላይ የሚያቆመው የጎማ ማረፊያ መሆን አለበት። የሾኩ ዘንግ ቀድሞ ካለቀ፣ ከዝላይ ስታርፍ ያን ሁሉ ጉልበት የሚቀበለው ዘንጉና ማሰሪያው ነው። አንዱ ይጣመማል ወይም ይሰበራል።

ሲዘረጋም ችግር አለው። የእገዳው ክንዶች ሾኩን እንደ ማንሻ (ሌቨር) ነው የሚያንቀሳቅሱት፤ ሾኩ በትንሹ ሲንቀሳቀስ ትራኩ በብዙ ይንቀሳቀሳል። 1.5 ሳንቲምህ ታች ስትደርስ በ1.5 አትቆምም። የክንዶቹ ማዕዘን ይለወጣል፣ የትራኩ ውጥረትም አብሮ ይዛባል።

ርዝመቱ ቢገጥም እንኳ አላለቀም። የቦኮላውን (ብሎኑ የሚገባበትን ቀለበት) ስፋት፣ የብሎኑን ውፍረትና የዘንጉን ጉዞ አስተያይ። ከሁሉ በላይ የክፍል ቁጥሩን አስተያይ። ከውጭ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሾኮች ውስጣቸው ያሉት፣ የዘይቱን ፍሰት የሚገቱት ስስ ሳህኖች አደራደር ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ ለ129 ኢንች የጥርጊያ መንገድ ትራክ፣ ሌላው ለ155 ኢንች የተራራ ትራክ ታስቦ ይሠራል። ይሄን በዓይን አታውቀውም።

"110 ኪሎ ነኝ፤ አልፎ አልፎ ልጄን ከኋላ እጭናለሁ። የአየር ሾክ ልግዛ ወይስ ባለ ሞላ?"

ጭነትዎ የሚለዋወጥ ከሆነ የአየር ሾክ ምቹ ነው፤ በትንሽ የእጅ ፓምፕ ያጠብቁታል፣ ያላሉታል። ክብደቱም ቀላል ነው። ነገር ግን ብርድ ያታልለዋል። 20 ዲግሪ በሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ 70 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ቢሞሉት፣ ውጭ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን ወደ 58 ገደማ ይወርዳል። ምንም ሳይፈስ! ስለዚህ ማሽኑ ውጭ ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሙሉት። የጎማ ፓምፕ አይጠቀሙ፤ ሾኩ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ ቱቦውን ሲነቅሉ ብቻ ግማሹ ይሄዳል።

መነካካት የማይወዱ ከሆነ ግን ሞላ ይሻልዎታል። ሲመርጡ ሞላው ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 150 ፓውንድ በኢንች ማለት አንድ ኢንች ለመጨመቅ 150፣ ሁለት ኢንች ለመጨመቅ 300 ፓውንድ ይፈልጋል ማለት ነው። ሞላውን ከጫፉ የሚጫነውን ቀለበት ማጥበቅ መነሻውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ይህን ቁጥር አይለውጠውም።

"ሻጩ 'ለብቻው የዘይት ማጠራቀሚያ ያለውን ውሰድ' ይለኛል። ዋጋው ግን እጥፍ ነው። እውነት ይሻላል?"

ለማን? ቀኑን ሙሉ በተቦረቦረ መንገድ በፍጥነት ለሚበር፣ አዎ። ሾክ በተደጋጋሚ ሲሠራ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይቀጥናል፣ መግታቱም ይደክማል። ጋዝና ዘይቱ ሳይለዩ በተቀላቀሉበት ርካሽ ዓይነት ላይ ደግሞ አረፋ ይጨመራል። ተጨማሪ ማጠራቀሚያ ዘይቱን ያበዛል፣ ሙቀቱንም ያስወጣል።

ቅዳሜና እሁድ ዘና ብሎ ለሚነዳ ግን በዋጋ መሐለኛ የሆነው ይበቃል፤ ውስጡ ተንሳፋፊ ፒስተን ያለው፣ ናይትሮጅኑን ከዘይቱ የሚለየው ዓይነት። ገንዘብህ ከተረፈ ለትክክለኛ ሞላ አውለው።

"ሾኬን ከመጣል ላሳድሰው? ጓደኛዬ በጎማ መንፊያ ጋዙን እሞላልሃለሁ ይላል።"

ጓደኛህን አመስግነህ ሸኘው። ከመንፊያ የሚወጣ አየር እርጥበትና ኦክስጅን ይዞ ይገባል። ናይትሮጅን ደረቅ ነው፣ ከዘይቱም ጋር አይጣላም፤ ግፊቱም ከጎማ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጋዙ ሳይወጣ የሚከፈት ሾክ ክዳኑ እንደ ጥይት ሊወነጨፍ ይችላል።

መታደሱን በተመለከተ ቅርፊቱን እየው። ክዳኑ እንደ ብሎን ጥርስ ኖሮት እየዞረ የሚፈታና የጋዝ ቫልቭ ያለው ከሆነ ይታደሳል፤ ዳር እስከ ዳር ተጠፍጥፎ ወይም ተበይዶ የተዘጋ ከሆነ አይታደስም። ቀጥለህ በጥፍርህ ዘንጉን ከላይ እስከ ታች ፋቀው። ከለሰለሰ ዘይትና ፓራኦሊዮ (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ቀይረህ ትገላገላለህ፤ እግረ መንገድህንም ባለሙያው ውስጡን ለክብደትህ እንዲያስተካክለው ንገረው። ጥፍርህ ጉድጓድ ላይ ከተያዘ ግን ያ ጉድጓድ አዲሱንም ፓራኦሊዮ ይበላዋል። ያኔ ዋጋ ጠይቅ።