ጥያቄና መልስ፦ ገና ያልተጀመረን ጦርነት መቃወም

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆኑ ዓምዱን ሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጦርነት ሊጀመር ነው የሚለው ወሬ ከቀን ወደ ቀን እየበረታ ነው። የፓርቲ አባል አይደለሁም፤ የማውቀው ባለሥልጣንም የለም። ለምክር ቤት ተወካዬ ደብዳቤ ብጽፍ የሚያነበው ሰው ይኖራል? ወይስ ለቅርጫት ነው የምጽፈው?

መልስ፦ ይነበባል፤ ግን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነበው የቢሮው ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ጸሐፊው የዚያ ምርጫ ክልል ነዋሪ ነው ወይ? ምን እንዲደረግለት ይጠይቃል? በራሱ ቃል ጻፈው ወይስ የተባዛ ነው? ስለዚህ ሙሉ ስምዎንና አድራሻዎን ከላይ ያስቀምጡ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ፣ ከ300 ቃል አይለፍ። አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። ጦርነቱንም፣ የኑሮ ውድነቱንም፣ የመንገዱንም ብልሽት አንድ ላይ ከጻፉ ሠራተኛው ለመመለስ የሚቀለውን ይመርጣል፤ ስለ መንገዱ የሚያምር መልስ ይደርስዎታል።

ብዙ ደብዳቤ የሚበላሸው ጥያቄው ላይ ነው። «ጦርነቱን ያስቁሙልን» ብለው ከጻፉ «እኔም ጦርነት እጠላለሁ» የሚል መልስ ይመጣና ፋይሉ ይዘጋል። አዎ ወይም አይ ከማለት በቀር መሸሻ የሌለው ነገር ይጠይቁ፦ ጦሩ ከመዝመቱ በፊት ምክር ቤቱ ድምፅ እንዲሰጥበት ይጠይቃሉ? ለዘመቻው የሚቀርበውን ተጨማሪ በጀት ያጸድቃሉ? ቀጥለው ሁለት ሦስት ጥያቄ ያክሉ፦ የዘመቻው ግብ ምንድን ነው? ግቡ መመታቱ በምን ይታወቃል? ካልተመታስ ጦሩ መቼ ይወጣል? የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 33 ድርድርን፣ ሽምግልናን፣ ግልግልንና ፍርድ ቤትን ይዘረዝራል፤ ከነዚህ የትኛው ተሞከረ?

ከመጻፍዎ በፊት ጦር የማዝመት ሥልጣን በሕጉ የማን እንደሆነ ያጣሩ። በአንዳንድ አገር የምክር ቤት ነው፤ በሌላው አስፈጻሚው ብቻውን ይወስንና ለምክር ቤቱ በጀቱ ብቻ ይቀርባል። በአሜሪካ በ1973 የወጣው ሕግ ፕሬዚዳንቱ ጦር ሲያዘምት በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ እንዲያሳውቅ፣ ፈቃድ ካላገኘም በ60 ቀን እንዲያቆም፣ ለመውጫ ደግሞ ቢበዛ 30 ቀን እንዲጨመርለት ይላል። ፕሬዚዳንቶች በተለያየ ትርጓሜ ሲሸሹት ቆይተዋል፤ ሆኖም ዜጋ ቀን ቆጥሮ የሚጠይቅበት ነገር ሰጥቷል። በእርስዎ አገር ያለው በር የበጀት ኮሚቴው ብቻ ከሆነ ደብዳቤው ወደዚያ ይሂድ።

በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ የመጀመሪያውን ቅጂ አባሪ አድርገው እንደገና ይጻፉ። ከዚያ ከሦስት እስከ አምስት ሆናችሁ ቀጠሮ ያዙ። አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ጥያቄው ሳይመለስ ወሬው ወደ ሌላ ሲሄድ ይመልስ። ጊዜው 15 ደቂቃ ይሆናል ብላችሁ ተዘጋጁ። «መረጃው ምስጢር ነው» ሊባል ይችላል። ያኔ ምስጢሩን ሳይሆን ተወካዩ ራሱ አይቶት እንደሆነ ጠይቁ። «ገና አልተወሰነም» ካለ ደግሞ ጥሩ ጊዜ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው። በማግስቱ የተባለውን በአጭሩ ጽፋችሁ «እንዲህ ብለውናል፤ ስህተት ካለ ያርሙን» ብላችሁ ላኩ።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት የፊርማ ማሰባሰቢያ ከፍተናል። ይጠቅማል?

መልስ፦ ለብቻው ብዙም አይጠቅምም። ዋናው ጥቅሙ አብረዋችሁ ሊሠሩ የሚችሉ ሰዎችን ማግኘት ነው። ፈራሚው የሚኖርበትን አካባቢ እንዲሞላ አድርጉ፤ ዝርዝሩን በምርጫ ክልል ከፋፍላችሁ ለየተወካዩ ስጡ። ከራሱ ክልል የመጡ 400 ስሞች፣ ከየት እንደመጡ ከማይታወቅ 10,000 ይልቅ ያሳስቡታል። በወረቀት የምታስፈርሙ ከሆነ የጥያቄው ሙሉ ቃል በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ይኑር። ካልሆነ ፈራሚው ምን እንደፈረመ አያውቅም ተብሎ ገጹ ውድቅ ሊደረግ ይችላል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለጦርነቱ ምክንያት የሚሆን ማስረጃ አለኝ ይላል። እኔ የስለላ ባለሙያ አይደለሁም። እንዴት ላጣራ?

መልስ፦ ምስጢሩን ሳያዩም ብዙ ማጣራት ይቻላል። አራት ጥያቄ ይያዙ፦ ነገሩን በዓይኑ ያየው ማን ነው? በቦታው የተገኘ ገለልተኛ አካል አለ? ሪፖርቱን ካቀረቡት መካከል የተጠራጠረ አለ? ነገሩ እውነት ቢሆንስ መልሱ የግድ ጦርነት ነው? አራተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ ግን ከሁሉ እናስቀድመዋለን።

ሦስተኛው ጥያቄ በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ቢነሣ ኖሮ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። ነሐሴ 4 ቀን 1964 የአሜሪካ የጦር መርከቦች በሰሜን ቬትናም ለሁለተኛ ጊዜ ተጠቁ ተባለ። የመርከቦቹ አዛዥ የአየር ጠባዩ ራዳሩን ሳያሳስተው እንዳልቀረ ገልጾ የተሟላ ማጣራት እንዲደረግ በዚያው ዕለት መልእክት ልኮ ነበር። ኮንግረሱ ግን በሦስተኛው ቀን፣ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔቱ 88 ለ2 ፕሬዚዳንቱ በአካባቢው የጦር ኃይል እንዲጠቀም ፈቃድ ሰጠ። ሁለተኛው ጥቃት አልተፈጸመም።

ከኢራቅ ጦርነት በፊት ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነበር የሚሉ ሰነዶች ቀርበው ነበር። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ዋና ዳይሬክተር መሐመድ ኤልባራዳይ ሰነዶቹ እውነተኛ እንዳልሆኑ ለጸጥታው ምክር ቤት ያስታወቁት መጋቢት 7 ቀን 2003 ነው። ጦርነቱ የተጀመረው መጋቢት 20 ነው። ማስተባበያው ከጦርነቱ በፊት ለሁሉም ክፍት ነበር። ስለዚህ የባለሥልጣኑን መግለጫ ብቻ አይከታተሉ፤ የተቆጣጣሪዎቹን ሪፖርት ራሱን ፈልገው ያንብቡ።

ልብ የሚሰብር ምስክርነት ሲሰሙ ደግሞ ምስክሩ ማን እንደሆነና ማን እንዳቀረበው ይጠይቁ። በ1990 አንዲት የ15 ዓመት ልጅ የኢራቅ ወታደሮች በኩዌት ሆስፒታል ሕፃናትን ከማሞቂያ አውጥተው ሲጥሉ አየሁ ብላ በዋሽንግተን መሰከረች። በአሜሪካ የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗና ምስክርነቱን ያዘጋጀው ተከፋይ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት መሆኑ የታወቀው ኢራቅን ከኩዌት ያስወጣው የ1991 ጦርነት ካለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በ2003 በመላው ዓለም ሚሊዮኖች ተሰልፈው ጦርነቱ አልቀረም። ታዲያ ሰልፍ ምን ይሠራል?

መልስ፦ የካቲት 15 ቀን 2003 የተደረገው ሰልፍ ትልቅ ነበር፤ ዘግይቶ ነበር ግን። በዚያን ቀን ከ100 ሺህ በላይ ወታደር በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሰፍሮ ነበር። ያን ያህል ጦር ካንቀሳቀሱ በኋላ መመለስ ለመሪዎች ሽንፈት ይመስላቸዋል። ለንደን ላይ ሕዝቡ ጎርፍ ሆኖ ወጣ፤ ምክር ቤቱ ግን በወሩ 412 ለ149 ጦርነቱን ደገፈ።

በዚያው ወቅት ቱርክ ውስጥ የሆነውን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። መንግሥቱ ወደ 62 ሺህ የአሜሪካ ወታደሮች በአገሩ በኩል ኢራቅ እንዲገቡ ምክር ቤቱን ፈቃድ ጠየቀ። መጋቢት 1 ቀን 264 ደገፉ፣ 250 ተቃወሙ፣ 19 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በአዳራሹ ከነበሩት 533 ሰዎች ግማሹን ለማለፍ 267 ያስፈልግ ስለነበር ሐሳቡ በሦስት ድምፅ ጉድለት ወደቀ። በዕለቱ አንካራ ላይ ትልቅ ሰልፍ ነበር። ልዩነቱ ሰልፉ የወጣው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን፣ ድምፁን በሚሰጡት ሰዎች ፊት መሆኑ ነው፤ ከገዥው ፓርቲም ብዙ የሚያመነቱ ነበሩ። ነሐሴ 29 ቀን 2013 ደግሞ የእንግሊዝ ምክር ቤት በሶሪያ ላይ ሊወሰድ የታሰበውን ወታደራዊ እርምጃ 285 ለ272 ጣለው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ውሳኔውን አከበሩ። ሰባት ሰዎች ሐሳባቸውን ቢለውጡ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። ሰልፍ ከመጥራታችሁ በፊት የሚያመነቱትን ተወካዮች በስም ዘርዝሩ።

ጥያቄ፦ ጦርነቱን እቃወማለሁ ስል ከሃዲ፣ የጠላት ወገን ይሉኛል። ምን ልመልስ?

መልስ፦ ስለ ራስዎ አይከራከሩ፤ «ከሃዲ አይደለሁም» ሲሉ ወሬው ስለ እርስዎ ይሆናል። ወደ ጥያቄዎቹ ይመለሱ፦ ግቡ ምንድን ነው? መውጫው የት ነው? የቆሰለውን ማን ያክማል? እነዚህን የወታደሩ ቤተሰብም ይጠይቃቸዋል። የዚያኛውን ወገን መሪ አያወድሱ፣ ባንዲራውንም ይዘው አይውጡ፤ አንድ እንዲህ ያለ ፎቶ የወራት ሥራ ያበላሻል። የጦር እንቅስቃሴ፣ የሰፈር ቦታ ወይም የተሽከርካሪ ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉ፤ በብዙ አገር ከባድ ወንጀል ነው። የሕግ መሠረት ከተጠየቁ በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አለ፤ አንቀጽ 19 ሐሳብን መግለጽን ይጠብቃል፣ አንቀጽ 20 ደግሞ የጦርነት ፕሮፓጋንዳ በሕግ እንዲከለከል ያዛል። አገርዎ ቃል ኪዳኑን ሲፈርም «አንቀጽ 20 አያስገድደኝም» የሚል ማስታወሻ አስመዝግቦ እንደሆነ ግን ያረጋግጡ፤ ያስመዘገቡ አገሮች አሉ።

ጥያቄ፦ 12 ሰዎች ነን። መንገድ ዳር በጸጥታ ቆመን ተቃውሟችንን ማሳየት እንፈልጋለን።

መልስ፦ ለዚህ 12 በቂ ነው። በ1988 ኢየሩሳሌም ውስጥ ጥቁር ለብሰው በየሳምንቱ አርብ መቆም የጀመሩት ሴቶችም ጥቂት ነበሩ፤ ልማዱ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። ቦታውና ሰዓቱ አይለወጥ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት። ሕጉ ማሳወቅን የሚጠይቅ ከሆነ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ የሚይዝ ሰው ይመደብ። የእግረኛ መንገዱን ግማሽ ክፍት ተዉ።

ፕላካርዱ ላይ ከሰባት ቃል በላይ አይጻፍ። የፊደሉን ቁመት በርቀቱ አስሉ፦ ለየሦስቱ ሜትር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል። 15 ሜትር ስፋት ካለው መንገድ ማዶ እንዲነበብ 13 ሳንቲ ሜትር ፊደል ያስፈልጋል ማለት ነው። ጥቁር በነጭ ወይም ጥቁር በቢጫ ይሁን፤ ቀይ በጥቁር ከሩቅ ይጠፋል። ሁለት ሰዎች ከረድፉ ወጥተው ወረቀት ያድሉ፣ የሚሳደብ ሲመጣም እነሱ ብቻ ያነጋግሩት። ለጋዜጠኛ የሚናገረው አንድ ሰው ነው። ሌላ ጉዳይ የያዘ ፕላካርድ ይዞ የሚመጣ ወዳጅ አይጠፋምና ደንቡን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተስማሙበት።

ጥያቄ፦ ልጄ ለግዳጅ ውትድርና ሊጠራ ይችላል፤ ሰው መግደል ህሊናው አይፈቅድለትም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ በ1993 ባወጣው ማብራሪያ፣ ገዳይ ኃይል የመጠቀም ግዴታ ከህሊና ነፃነት ጋር በእጅጉ ሊጋጭ ስለሚችል በህሊና ምክንያት እምቢ የማለት መብት ከቃል ኪዳኑ አንቀጽ 18 ሊመነጭ እንደሚችል ገልጿል። ብዙ አገሮች ይህን በሕግ አውጥተው አማራጭ የሲቪል አገልግሎት አዘጋጅተዋል፤ ጭራሽ የማያውቁትም አሉ። መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነው። ሕጉ ካለ ማመልከቻው የሚገባበት ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም መጥሪያው ከመድረሱ በፊት ነው። ልጁ እምነቱን በራሱ ቃል ይጻፍ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደያዘውና በኑሮው እንዴት እንደሚታይ ያስረዳ፤ የሚያውቁት ሁለት ሦስት ሰዎችም በጽሑፍ ይመስክሩለት። «ይህን ጦርነት ብቻ ነው የምቃወመው» የሚል ማመልከቻ በአብዛኞቹ አገሮች ተቀባይነት የለውም፤ ስለዚህ ከማስገባቱ በፊት ጠበቃ ያንብበው። እርስዎም ሌሎች ወጣቶች እንዳይሄዱ በአደባባይ ከመቀስቀስዎ በፊት ይህንኑ ጠበቃ ይጠይቁ፤ በልጅዎ መብትና በቅስቀሳ ወንጀል መካከል ያለው መስመር ከአገር አገር ይለያያል።