ሰው እንዳይነካው ምን ልቀባው?

ይድረስ ብረትና ወረቀት፣ ጄሶና ቀለም አንድ ሰሌዳ ላይ ለምታዋህዱ ልጆች፤

ከእናንተ አንዱ ሰሞኑን የሠራውን ፓነል ይዞልኝ መጣና «ጋሼ፣ ሰው እንዳይነካው ምን ልቀባው?» አለኝ። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ስስ አድርገህ ቀባው ብዬ ሸኘሁት። መልሱ ትክክል ነው፤ ማንም የቀለም ሱቅ ያለው ሰው ይነግረው ነበር። ጥያቄው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ለምን እንደሆነ ልጻፍላችሁ፤ ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ፒያሳ ሠራተኛ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እሠራ ነበር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን እዚያ ከሰፈሩት ባለ እጆች ነው። ዛሬ ባለ እጅ ሲባል ያኮራል፤ ድሮ ግን ቀጥቃጩም ሸማኔውም ፋቂውም ስም ሲወጣለት የኖረ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ይናገራል። ከአዋጁ ስንት ዘመን በኋላ እንኳ እኔ ቆርቆሮና አሮጌ ማጠፊያ በጆንያ ይዤ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ «ቆራሌው፣ ለጆንያውም ትከፍላለህ» ይለኝ ነበር። እናንተ ይህን አታውቁትም። እጃችሁ ዝገት እንደነካው ፎቶ ተነሥታችሁ ትለጥፋላችሁ። ደስ ይላል፣ ትንሽም ያስቀናል።

ከክፍሌ አጠገብ አንድ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ይላቸዋል። ሱቃቸው ከአንድ በር አይሰፋም። ግድግዳው ላይ ጓጉንቸርና ሰረገላ ቁልፍ፣ እጀታና መቀርቀሪያ ተንጠልጥሏል፤ እሳቸው መሀል ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሞረድ ይገፋሉ። ቡና ሲፈላ ይጠሩኛል፤ እኔም ሥራዬን አሳያቸዋለሁ። ስለ ሥዕል አያወሩም፤ ስለ በር ግን ካነሣችሁባቸው አትላቀቁም።

በዚያን ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ለመግቢያ አዳራሹ ትልቅ ፓነል አዘዘኝ፤ የድሮ የአዲስ አበባ በሮችን የሚያስታውስ ይሁን አሉ። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ አግኝቼ ስለማላውቅ ልቤ ቆሞ ነበር። አሮጌ የቁልፍ ገበር (በሩ ላይ የቁልፉን ቀዳዳ የሚከብበውን ስስ ሳህን) ብፈልግ መጠኑ አልገጥም አለኝ፤ ስለዚህ ከመርካቶ አዲስ የናስ ገበሮች፣ ማጠፊያና እጀታ ገዛሁና ራሴ ላስረጃቸው ወሰንኩ። አሠራሩን ለማታውቁ፦ ናሱን በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጉና ቅባቱ እስኪለቅ በሳሙና ታጥባላችሁ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ትንሽ አሞኒያ ታደርጋላችሁ፤ ናሱን ጨው ባለው ውኃ ረጭታችሁ፣ አሞኒያው እንዳይነካው ከላይ በክር አንጠልጥላችሁ ትከድናላችሁ። ሲያድር ሰማያዊና አረንጓዴ አብቦ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል፣ ያን ያህል ያምራል። ጠዋት ባልዲውን ስከፍት የነበረኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም፤ የጭስ ሽታው ዓይኔን ቢያስለቅሰኝም።

አባባ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ገበር ተራ በተራ አዩ።

«ይሄ ቤት ማን ይኖርበታል?» አሉኝ።

«ማንም፤ ሥዕል ነው እኮ አባባ።»

«ያስታውቃል።»

ወደ ሱቃቸው ገቡና አንድ አሮጌ ገበር ይዘው ተመለሱ። እዚያው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ላይ አድርገው አሳዩኝ። የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ተቧጭሯል፤ ጭረቱ የሚበዛው በቀኝ በኩል ነው፣ በጨለማ ቀዳዳውን የሚፈልግ እጅ ሁልጊዜ አንድ ጎን ይስታልና። ከቀዳዳው ሥር ጨረቃ የመሰለ የሚያበራ መስመር ነበረ። ያ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ሲቀር ከሱ ጋር የታሰሩት ሌሎቹ ቁልፎች እየተወዛወዙ የፈገፈጉት ነው። ማዕዘኖቹ ጥቁር ናቸው፣ የቀለም ጠብታም ተጋግሮባቸዋል። ከላይኛው ምስማር ሥር ቡናማ ዝገት ወርዷል፤ ምስማሩ ብረት ስለሆነ። አባባ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ «ይህ የብዙ ልጆች ቤት ነው» አሉ። ከምን እንዳወቁት አልጠየቅኋቸውም። ምናልባት ቀልደውብኝ ይሆናል።

እኔ የራሴን ተከተልኩ። ፓነሉ ተሰቀለ፣ ክፍያውም መጣ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ ናሱን ቫርኒሽ አልቀባሁትም። ቫርኒሽ አረንጓዴውን ያጠቁረዋል፤ ያ ዱቄት የመሰለ ገጽታው ይጠፋል። እንዲሁ ተውኩት።

ከወራት በኋላ ተጠራሁ። «ሥራህ ተበላሽቷል፣ መጥተህ እይ።» ስደርስ ኃላፊው ደም ሥሩ ተገታትሮ ይጮሃል፤ የፅዳት ሠራተኛዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። በዓል ደርሶ ነበርና አዳራሹ እንዲያምር ብለው ናሱን በሎሚና በአመድ ፈትገውታል። «የኔ ልጅ፣ ቆሽሾ ነው እኮ» አሉኝ። ሎሚ አረንጓዴውን ያሟሟዋል፣ አመዱ ደግሞ ይፍቃል፤ ከዚህ የተሻለ የናስ ማጠቢያ እኔም አላውቅም።

አሁን ያየሁትን በደንብ ላስረዳችሁ፤ ያኔ ያላየሁት እሱ ነውና። የገበሮቹ ጎላ ያለው ቦታ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ጨርቁ ያልገባበት ስንጥቅና የምስማሮቹ ዙሪያ አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቷል። የታችኞቹ እጀታዎች እንደ ወርቅ ሆነዋል፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይደበዝዝና እጃቸው ያልደረሰበት የመጨረሻው ረድፍ እኔ እንዳደረግሁት አለ። ከቀኝ ወደ ግራ የተፈተገበት አቅጣጫ ሳይቀር ይታያል። ፓነሉ ያልነበረው እሱ ነበር፣ የሰው እጅ። በባልዲና በአሞኒያ ልሠራው የማልችለውን እኚህ ሴት በአንድ ጠዋት ሠርተውት ነበር።

እኔ ግን ፓነሉን አስወርጄ ሠራተኛ ሰፈር ወሰድኩት። ገበሮቹን ነቅዬ፣ እንደገና ባልዲ ውስጥ ሰቅዬ፣ ሁሉንም እኩል አረንጓዴ አደረግሁት። በዚህ ጊዜ ቫርኒሽም ቀባሁት፣ ሁለተኛ ሎሚ እንዳይደፍረው። ፎቶ እንኳ አላነሣሁትም፤ ፊልም ውድ ነበር፣ ደግሞም ተናድጄ ነበር። አባባ ተጭኖ ሲሄድ አይተው «ፊተኛው ይሻል ነበር» ብለው ወደ ሞረዳቸው ተመለሱ። መሥሪያ ቤቱ ኋላ ሕንፃ ሲቀይር ፓነሉ የት እንደገባ አልሰማሁም። የሚያንገበግበኝ ግን ፓነሉ አይደለም፤ ኃላፊው ሴትዮዋን ሲቆጣ አጠገቡ ቆሜ አንዲት ቃል አለመተንፈሴ ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። የልጁ ፓነል ኮምፔንሳቶ ላይ በጄሶና በቪናቪል ሙጫ የተሠራ ነበር፤ የተቀደደ ጋዜጣ፣ የሰዓት ጥርስ፣ ቁልፎች፣ የሳርዲን ቆርቆሮ። አቀማመጡ ከእኔ የያኔው ይበልጣል። ችግሩ ዝገቱ በሁሉም ላይ እኩል መሆኑ ነው። ዝገት መነሻ አለው። ዝናብ ከላይ ይመጣል፣ ምስማር ሥር ያቁራል፣ ከዚያ እየቀጠነ ይወርዳል። እጅ የሚነካው ያበራል፣ የማይነካው ይጠቁራል። ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ የቀሩትን ግን ሄዳችሁ እዩ። ከቆርቆሮ አጥሩ ምስማር ሥር ቁሙ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ሳይሆን (ይሁን፣ አውጡት፣ እኔም ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ)፣ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደወረደ እዩ። እናንተ ልጆች ውጤቱን ቶሎ ታዩና ምክንያቱን ትዘልሉታላችሁ። ስልኩ ላይ በምታዩት ቪዲዮ ዝገቱ በግማሽ ደቂቃ ስለሚያልቅ ይመስለኛል።

ወረቀት እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ቀለም እንዴት እንደሚደራረብ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ስለ ብረቱ ግን ጥቂት ልጨምር። ከሱቅ የምትገዙት ቡሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ብዙ ጊዜ ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ እንዲሁ ብትረጩት አይዝግም። አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ አረፋው ሲቆም ዚንኩ አለቀ ማለት ነው። ይህን ደጅ አድርጉት፣ የሚወጣው ጋዝ እሳት ይይዛል። አጥባችሁ ከፋርማሲ የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከጨውና ከጥቂት አቼቶ ጋር ብትረጩት ዓይናችሁ እያየ ይቀላል። ሲበቃችሁ በቢካርቦኔት ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ክረምት ላይ ይህን ሥራ ባትጀምሩ እመክራለሁ፤ በደንብ ሳይደርቅ የታሸገ ብረት ከቫርኒሹ ሥር መዛጉን ይቀጥልና ነጩን ጄሶ ያበላሸዋል። አንዳንዴ ያ ብልሽት ከሁሉ ያምራል፣ እሱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ናስ ነው ተብሎ የሚሸጥላችሁ ደግሞ ብዙው ቢጫ የተለበጠ ብረት ነው። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ ከያዘው ናስ አይደለም፣ አሞኒያውም የምትጠብቁትን አረንጓዴ አይሰጣችሁም።

አንዲት ልጅ የጃንሆይን የመዳብ ሳንቲሞች ፓነሏ ላይ በኢፖክሲ ደርድራ አየሁ። ሁሉም ላይ 1936 የሚል ዓመት አለ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የተመቱትም ያንኑ ዓመት እንደያዙ ነው የወጡት። ሕግ ይከልክል አይከልክል አይደለም ነገሬ። አንበሳው ወደ ጄሶው ዞሮ ተቀብሯልና አዘንኩ። የሁለቱንም ፊት የሚያሳይ ቀዳዳ ብትሠራላቸው ምን ነበረበት? ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የኮምፒውተር ሰሌዳውንና ሽቦውን ከመርካቶ ገዝቶ ሲሠራበት አሮጌውን ነገር አሮጌ ለማስመሰል አይደክምም፤ ሽቦው ሽቦ፣ ሰሌዳውም ሰሌዳ እንደሆነ ይታያል። ስለዚህ አርጅቶ የመጣ ብረት ካገኛችሁ እባካችሁ አቼቶ አታስነኩት።

ቫርኒሹን በተመለከተ ልጁን ቀባው ብዬዋለሁ፤ ብረት ላይ አሁንም ቀቡ እላለሁ፣ ካልታሸገ ልብስ ያበላሻል። ናሱን ግን ተዉት። ገዢው ሳይቀባ አልፈልገውም ካለ ቀቡት፤ የቤት ኪራይ እንደሚከፈል አውቃለሁ። ለራሳችሁ ከሠራችሁ ግን ሳይቀባ በር አጠገብ፣ ሰው በሚያልፍበት፣ ልጅ በሚደርስበት ቁመት ስቀሉት።

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ቀጥቃጮቹ በርሜሉን ገና መቀጥቀጥ ሳይጀምሩ መነጋገር ይቻላል። በኪሎ ሳይሆን በፍሬ ከጠየቃችሁ ዋጋው ይንራል። ኮምፔንሳቶውን በጀርባውም ቀቡት፣ አለዚያ ይጣመማል። ከባድ ብረት በቪናቪል አይቆምም፣ ኢፖክሲ ወይም ቡሎን ያስፈልገዋል። በረኪና ያለበትን ዕቃ ደግሞ ከአሞኒያም ሆነ ከአቼቶ አጠገብ እንዳታደርሱት፤ ከሁለቱም ጋር ሲገናኝ መርዝ ጋዝ ይወጣዋል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ለመሸሽም ጊዜ አይሰጥ። ባልዲውን ለይታችሁ «አሞኒያ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ቤት ያለ ሰው ልብስ እንዳያጥብበት።