ሌላ ሥራ ሳልይዝ ልልቀቅ ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህ ባጭሩ ይኸው ነው። ባንክ ውስጥ የመምሪያ ኃላፊ ነህ። ከአለቃህ ጋር መሥራት አልቻልክም፣ እንቅልፍ አጥተሃል። የሠራተኛ የቤት ብድር አለብህ። ባለቤትህ ትሠራለች፣ ልጆችህ ይማራሉ። የተያዘ ሥራ ሳይኖር ደብዳቤ ላስገባ ወይ ነው ያልከው። እኔ አስገብቻለሁ፤ ባንክ ሳይሆን አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ሆኜ። ስለዚህ «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» ብዬ አላልፍህም። «አበድክ እንዴ?»ም አልልህም።

ልልቀቅ አልልቀቅ የሚለውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ በደመወዝህ ላይ የተንጠለጠለውን ነገር ሁሉ ቁጠር። ኃላፊ የሆነን ሰው ቀፍድዶ የሚይዘው እሱ ነው።

ከብድሩ ጀምር። ወለዱ ዝቅ ያለልህ ሠራተኛ ስለሆንክ ነው። ስትለቅ እንደ ውልህ ወይ ወደ ደንበኛ ወለድ ይዞራል፣ ወይ ቀሪውን ክፈል ትባላለህ። ውሉን አውጣና ስለ መልቀቅ የሚለውን አንብብ። ከዚያ ወርሃዊ ክፍያውን በአዲሱ ወለድ አስላው። የባንክ ሰው ነህ፣ ለዚህ እኔ አላስፈልግህም። ግን ለደንበኛ ሲያሰላ የሚውል ሰው ለራሱ ሲሆን እስክሪብቶ አያነሳም።

ሁለተኛው ዋስትና ነው። ይሄንን የሚነግርህ የለም። ኃላፊ ስትሆን ሁሉም ዋስ ሁነኝ ይልሃል፤ አንተም ይሉኝታ ይዞህ ትፈርማለህ። እኔ ስለቅ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለባትም የሚለውን ወረቀት፣ ይዤ ለማስፈረም ስዞር ንብረት ክፍል ፈረመ፣ አይቲ ፈረመ። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የፈረምሽላቸው ተበዳሪዎች ሌላ ዋስ ይተኩ አለችኝ። አንዷ ተበዳሪ ደግሞ አራስ ናት። ቤቷ ሄጄ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ፣ ገንፎ በልቼ፣ ሕፃኑን ታቅፌ «ዋስ ቀይሪልኝ» ማለት ነበረብኝ። እንዴት እንደሚያሳፍር አትጠይቀኝ። አንተ ዛሬውኑ የፈረምክላቸውን ሰዎች ዝርዝር ያዝ፤ ሳትቸኩል አንድ በአንድ አስቀይር።

ዕቁብ ካለህና ደርሶህ ከበላኸው፣ እስኪያልቅ መጣልህ አይቀርም። እሱንም ወጪ ውስጥ አስገባው። ሲም ካርድህ በመሥሪያ ቤቱ ስም ከሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቅህ በዚያ ቁጥር ነው። ቴሌብሩም የባንኩም መልእክት የሚመጣው በዚያው ነው። ሳትወጣ በደብዳቤ ወደ ስምህ እንዲዞርልህ ጠይቅ። ከወጣህ በኋላ ማን ያይሃል።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ሰው «30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጥና ውጣ» ይልሃል። እውነት ነው፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ እንዲህ ይላል። ግን አዋጁ የሥራ መሪን አይመለከትም። መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ ወይም ማሰናበት የምትችል ከሆነ የሥራ መሪ ነህ። ያኔ የአንተ ጉዳይ የሚታየው በውልህና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የኃላፊ ውል ላይ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር የሚል ማስጠንቀቂያ ይገኛል። ስለዚህ ወዳጅህ እንዴት እንደለቀቀ ሳይሆን አንተ የፈረምከው ወረቀት ምን እንደሚል እይ። ባንኩ አስተምሮህ የአገልግሎት ግዴታ ፈርመህ ከሆነም እንደዚሁ።

ርክክቡን በጽሑፍ አድርገው፤ የተፈረመበትን ቅጂ ቤትህ አስቀምጥ። ነገ የኦዲት ግኝት ሲመጣ አንተ እዚያ የለህም። «እሱ ነው ያጸደቀው» ማለት ደግሞ ለሁሉም ይቀላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤህንም በዚያው ጨርስ።

ስለ ገንዘብ፦ አገራችን ሥራ ለለቀቀ ሰው የሚከፈል ድጎማ የላትም። የጡረታ መዋጮህም፣ ያንተ 7 በመቶና የአሠሪህ 11 በመቶ፣ ሥራ እስክትይዝ ይቆማል። እኔ የስድስት ወር ወጪ ሳይኖር አትውጣ ባይ ነኝ። ወጪውን ስታሰላ በዛሬ ዋጋ ብቻ አታስላ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ምን እንደሆንን ታውቃለህ። የትምህርት ቤት ክፍያን ከወር ወጪ ለይተህ አስቀምጥ፤ ተርም ሲመጣ አይለምንህም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ስለቅ ስልኬ ጸጥ አለ። በቀን ስንት ጊዜ «እመቤት» ይለኝ የነበረው አቅራቢ ሁሉ ጠፋ። ዘመድ ደግሞ «ተባረረች እንዴ?» ይል ጀመር። እናቴ ለዕድርተኞቿ «ፈቃድ ላይ ናት» ትል ነበር፤ እኔም አላረምኳትም። ሥራ ፍለጋውም በኛ ደረጃ በጋዜጣና በቴሌግራም ማስታወቂያ ብቻ አይሆንም፤ ሰው በሰው ነው። አሁን ወንበሩ ላይ እያለህ ቡና የምትጋብዛቸው ሰዎች ናቸው ኋላ የሚደውሉልህ። ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ «አሁን የት ነህ?» ይሉሃል፣ የመጨረሻ ፔይስሊፕ አምጣ ይሉሃል። «ቤት ነኝ» ስትል የሚያቀርቡልህ ደመወዝ ዝቅ ይላል። እኔ የመጀመሪያውን እምቢ ያልኩት ባለቤቴ ደመወዝ ስለነበረው ነው፤ ጀግንነት አይደለም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እለቅ ነበር። እንቅልፍ የነሳ ሥራ ቤትንም ይበጠብጣል። ግን በዚህ ሳምንት አይደለም። በጀት ዓመቱ በሰኔ ይዘጋል፤ ባንክህ ቦነስ የሚሰጥ ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፣ የለቀቀ ሰው ደግሞ ላያገኘው ይችላል። እስከዚያ ያልወሰድከውን የዓመት ፈቃድ ውሰድና ትንሽ ተኛ። ዋስትናህን አውርድ፣ ከብድሩም የቻልከውን ቀንስ። ከባለቤትህ ጋር ደግሞ በእሷ ደመወዝ ብቻ አንድ ወር ኑሩ፣ ያንተን ሳትነኩ። ያን ወር ከዘለቃችሁት ደብዳቤውን ጻፍ።