ፋንክሽኑን ጠራነው ወይስ ስሙን አነሳን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። ለጤና ተማሪዎች ስታቲስቲክስን አርና ፓይተን በሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች አስተምራለሁ፤ ማስታወሻውንም በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው፤ አንድ ገጽ ልኬልዎታለሁ። አንድ ምዕራፍ ላይ ግን ተያዝኩ። ተማሪው አንድን ፋንክሽን (በስሙ ሲጠራ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ወይም ተለዋዋጭ (እሴት የሚይዝ ስም) ከመጠቀሙ በፊት ምንነቱን በኮድ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። ምን ይቀበላል? ውስጡ ምን አለ? ዓይነቱ ምንድን ነው? ይህን ሥራ «መፈተሽ» ልበለው፣ «መመርመር» ወይስ «መፈተን»? ሌላም አለኝ። «የፋንክሽኑን ስም ጥሩና ውስጡን እዩ» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ቅንፍ እየጨመሩ ያሠሩታል። ጥፋቱ የእነሱ ነው ወይስ የእኔ አማርኛ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ፤ ዋናው እሱ ነውና። ተማሪዎችሽ አላጠፉም። «ጥሩ» አልሻቸው፣ ጠሩት።

አማርኛ ስም ማንሳትንና መጥራትን አይደባልቅም። ቡና ላይ ተቀምጠን የጎረቤታችንን ስም ብናነሳ ጎረቤታችን አይመጣም። እሱ ቤቱ ነው፤ እኛ ስለ እሱ እናወራለን። ምን እንደሚሠራ፣ አመሉ እንዴት እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደሚዛመደው እናነሳለን። በአጥር ላይ ብቅ ብለን ስንጠራው ግን «አቤት» ይላል። ይመጣና የተባለውን ይሠራል።

ፋንክሽንም እንዲሁ ነው። በአር፣ በፓይተንና ጁሊያ በሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ስሙን ያለ ቅንፍ ስትጽፊው አነሳሽው። ቅንፍ ስትጨምሪለት ጠራሽው። ባዶም ብትሆን ቅንፏ «ና» ማለት ነች።

ይህን ልዩነት የአብነት ትምህርታችን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ጎንደር ውስጥ በደብር አጥር ስር ስታልፊ የግዕዝ ግስ ከነአማርኛ ፍቺው የሚያወርድ ተማሪ ሳትሰሚ አትቀሪም። «ቀተለ፣ ገደለ፤ ይቀትል፣ ይገድላል፤ ይቅትል፣ ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል፣ ይግደል» ይላል። ቀኑን ሙሉ ቢለው የሚሞት ሰው የለም። ግሱን አነሳው እንጂ አልተናገረበትም። ቃሉን ከዓረፍተ ነገር አውጥቶ፣ በእጁ እንደያዘው ዕቃ መልኩን እያገላበጠ ያየዋል። ቅኔ የሚቆጥርበት በኋላ ነው። አንቺ ከተማሪዎችሽ የምትፈልጊው ይኸንኑ ነው።

እስቲ በአር እንየው። ተማሪው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የዳታውን መበታተን ልክ) የሚያወጣውን «ኤስዲ»ን ያለ ቅንፍ ጽፎ ኢንተር ይጫን። አር ምንም አያሰላም። የፋንክሽኑን አካል እንዳለ ያወጣለታል። መጀመሪያ የሚቀበላቸው ሁለት ነገሮች ይመጣሉ። አንደኛው «ኤክስ» ነው፣ ዳታው ማለት ነው። ሁለተኛው «ኤንኤ ነጥብ አርኤም» ነው፣ የጎደለ ዳታ ይጣል ወይ ማለት ነው፤ ከጎኑ «ፎልስ»፣ አይጣል ተብሎ ተጽፎበታል። ከዚያ ሥራው ይከተላል፤ ቫሪያንስን የሚያወጣው የ«ቫር» መልስ ስኩዌር ሩት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚህች አጭር ጽሑፍ ግን ብዙ ይገኛል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የቫሪያንስ ስኩዌር ሩት መሆኑን ተማሪው በዓይኑ አየ። ደግሞ ያ «ፎልስ» የጎደለ ዳታ በራሱ ጊዜ እንደማይጣል ነገረው። ከ100 ታካሚ የአንዱ ደም ግፊት ሳይመዘገብ ቢቀር፣ ፋንክሽኑ ሲጠራ ቁጥር አይመልስም፤ «ኤንኤ» ይላል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ተማሪ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ብሎ እጁን አያወጣም።

ሁሉም ፋንክሽን ሆዱን ከፍቶ አያሳይም። ድምር የሚሠራውን የአር ፋንክሽን ስሙን ብታነሺ «ፕሪሚቲቭ» የሚል ቃል አውጥቶ ያቆማል። ውስጡ የተጻፈው በሲ ቋንቋ ስለሆነ በአር የሚታይ አካል የለውም።

ፓይተን ላይ ደግሞ ስም ማንሳት ብቻውን አካሉን አያወጣም። መኖሩን ይነግርሻል፣ አለቀ። ፓንዳስ በሚባለው የፓይተን የዳታ መሣሪያ የተሠራ ሠንጠረዥ ይዞ አማካይ ለማውጣት «ሚን» ብሎ የጻፈ፣ ቅንፉን ግን የረሳ ተማሪ «ባውንድ ሜተድ» የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል። ብዙ ጀማሪ ኤረር ይመስለውና ይደነግጣል። ኤረር አይደለም። ስም ተነሳ፤ ፓይተንም «አውቀዋለሁ፣ እዚህ አለ» አለ። የጠራው ግን የለም።

ውስጡን ማየት የፈለገ «ኢንስፔክት» የሚባለውን ሞጁል (የተዘጋጁ ፋንክሽኖች ስብስብ) ያስገባል። «ሲግኔቸር» ፋንክሽኑ የሚቀበለውን ይመልስለታል። «ጌትሶርስ» በፓይተን የተጻፈ ከሆነ ኮዱን ያመጣለታል። እዚህ ላይ ልብ በይ። የሚጠራው «ጌትሶርስ» ነው። የምንመረምረው ፋንክሽን በቅንፉ ውስጥ ስሙ ብቻ ይገባል። አንዱ ተጠርቶ ስለ ሌላው ይጠየቃል ማለት ነው። ተማሪ በጣም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ለውስጠኛውም ስም ቅንፍ ያደርግለታል። ያኔ የተጠየቀው ስለ ፋንክሽኑ መሆኑ ይቀርና ፋንክሽኑ ስለመለሰው ነገር ይሆናል። ይህን በሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው፤ በቃል ብቻ አይያዝም።

ኮዱንና ውጤቱን በአንድ ገጽ በሚያሳየው ጁፒተር ላይ የሚሠሩ ከሆነ አጭር መንገድ አለ። ከስሙ በኋላ አንድ የጥያቄ ምልክት ማብራሪያውን ያወጣል፤ ሁለት የጥያቄ ምልክት ደግሞ ኮዱ ካለ ኮዱን። አር የጥያቄ ምልክቱን ከስሙ ፊት ያስቀምጣል። እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች የፓይተኑ ይቀለናል፤ ጥያቄያችን በመጨረሻ ነው የሚታሰረው።

ታዲያ ማስታወሻሽ ላይ «ያለ ቅንፍ ጻፉ» ብትዪ አይበቃም ወይ? አይበቃም። ምክንያቱ ማትላብ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ማትላብ ላይ የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠውን «ራንድ» ያለ ቅንፍ ብትጽፊውም ተጠራ፤ ወዲያው ቁጥር ያወጣል። እዚያ ስሙን ብቻ ለማንሳት ከፊቱ በኢሜይል አድራሻ ውስጥ የምናውቃት የ«አት» ምልክት ያስፈልጋል። እንግዲህ ቅንፉ ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል፤ ማንሳትና መጥራት ግን የትም ቦታ አሉ። ስለዚህ «ፋንክሽኑን ሳትጠሩት ስሙን አንሱ» ብለሽ ጻፊ። ነገ ተማሪዎችሽ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገሩ «እዚህ ስም የሚነሳው እንዴት ነው?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ።

አሁን ወደ ሦስቱ ግሶች። ሦስቱም የተከበሩ ቃላት ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ፍተሻ የተደበቀ ነገር ፍለጋ ነው። ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ስትገቢ በር ላይ ትፈተሻለሽ። ፈታሿ ማን እንደሆንሽ አታጠናም፤ የያዝሽውን ነው የምታየው። ኮድ ውስጥ የተሸሸገ ስህተት ሲፈለግ «መፈተሽ» ያምርበታል። ፈተና ደግሞ ሥራ ላይ አውሎ ማየት ነው፤ ወርቅ በእሳት እንደሚፈተነው። መልሱን አስቀድመሽ በምታውቂው ቁጥር ፋንክሽኑን ጠርተሽ ልክ መመለሱን ስታዪ ፈተንሽው። ሳይጠሩ መፈተን የለም።

ምርመራን ለጎንደር ሰው ማስረዳት ድፍረት ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ ከተማው የጤና ባለሙያ ሲያወጣ የኖረ ነው። ሐኪም ሲመረምር የሰውየውን ምንነትና ሁኔታ ነው የሚያውቀው። ዕድሜውን ይጠይቃል፣ ይመዝነዋል፣ ደረቱን ያዳምጣል። ጤነኛም ይመረመራል። ተመርማሪው አልጋው ላይ እንደተኛ ነው፤ ሩጥ፣ ዝለል አይባልም። የአንቺ ምዕራፍ ይኸው ነው። «ፋንክሽንንና ተለዋዋጭን በኮድ መመርመር» ብለሽ ርእስ ስጪው።

«ፋንክሽን»ን «ተግባር» የሚሉ አሉ። በሌላ ቦታ ይሁን። ከ«መመርመር» ጋር ሲገጥም ግን «ተግባሩን መመርመር» ይሆንና የፖሊስ ጣቢያ ሥራ ይመስላል። «ፋንክሽን» በይ፤ ተማሪው ከሒሳብ ክፍል ያውቀዋል።

ሌላ የምለምንሽ ነገር አለ። «ያሳያል» እና «ይመልሳል» የሚሉትን ለይተሽ ጻፊ። «በኮድ መመርመር» ያልሽው ትርጉም የሚኖረው በዚህ ነው። አር ላይ «ኤስቲአር» የአንድን ዳታ አወቃቀር ስክሪን ላይ ያሳያል፤ ለዓይን ነው። «ክላስ» ግን መልስ ይመልሳል። ያንን መልስ በሌላ ስም ማስቀመጥ፣ ከሌላ ጋር ማወዳደር፣ «ይህ ቁጥር ካልሆነ አቁም» ብሎ ፕሮግራሙን ማዘዝ ይቻላል። ፓይተን ላይም «ሄልፕ» ያሳያል፣ «ታይፕ» ይመልሳል። የማትላብ «ሁዝ» የተለዋዋጮቹን ስም፣ መጠን፣ ባይትና ክላስ ዘርዝሮ ያሳያል፤ በእኩል ምልክት ስም ከሰጠሽው ግን ይመልሳል። አማርኛ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። «መመለስ» ለተጠየቀ መልስ መስጠትም ነው፣ የተሰጠን ነገር መልሶ ማስረከብም ነው። ፋንክሽን የሚያደርገው ሁለቱንም ነው።

ጁሊያን ወደፊት ካስተማርሽ ደግሞ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። እዚያ አንድ የፋንክሽን ስም ብዙ ሜተድ፣ ብዙ የአሠራር ዓይነት ማለት ነው፣ ይይዛል፤ የትኛው እንደሚሠራ የሚወሰነው በሚቀበላቸው ነገሮች ዓይነት ነው። «ቆረጠ»ን አስቢው። ዳቦ ቆረጠ፣ ቲኬት ቆረጠ፣ ቀን ቆረጠ፣ ተስፋ ቆረጠ። ግሱ አንድ ነው፤ ሥራውን የሚወስነው ተሳቢው ነው። ቲኬት ለመቁረጥ ቢላ የሚያነሳ የለም። የጁሊያ «ሜተድስ» እነዚህን ሁሉ ይዘረዝራል፤ «ዊች» ደግሞ «ከዚህ ተሳቢ ጋር የትኛው ቆረጠ ነው?» ለሚለው ይመልሳል።

«ተለዋዋጭ» ይቆይ፤ ለምደነዋል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው። ፓይተንና አር ላይ ዓይነት ያለው እሴቱ እንጂ ስሙ አይደለም። «ግፊት» የሚለው ስም ጠዋት 120 የሚለውን ቁጥር ቢይዝ፣ ከሰዓት በኋላ «ከፍተኛ» የሚለውን ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል። ጠዋትና ማታ «ታይፕ» ብትዪ ሁለት መልስ ታገኛለሽ። ስለዚህ «የግፊት ዓይነት» ከማለት «ግፊት አሁን የያዘው እሴት ዓይነት» ማለት ይሻላል። ረዘም ይላል፣ ግን እውነት ነው።

በግዕዝ ፊደል «ግፊት» ያልኩት ለምሳሌ ብቻ እንዳይመስልሽ። ፓይተን ከ3ኛው እትሙ ወዲህ እንዲህ ያለ ስም ይቀበላል፣ ጁሊያም ይቀበላል። ማትላብ አይቀበልም። ደስ ይላል፣ ግን ጣጣ አለው። እኛ «ዕድሜ» ብለን በዐይኑ ዐ ጻፍነው «እድሜ» ብለን በአልፋው አ፣ አንባቢ አንድ ቃል አድርጎ ያልፈዋል። ለፓይተን ሁለት ስሞች ናቸው። «ዓመት»ና «አመት»፣ «ሥራ»ና «ስራ»፣ «ጸሐይ»ና «ፀሐይ»ም እንደዚሁ።

ተማሪው «ዕድሜ» ብሎ ሰይሞ «እድሜ» ብሎ ከጠየቀ ዕድለኛ ነው፤ ስሙን አላውቀውም የሚል ኤረር ይመጣለታል። ችግሩ «እድሜ» ላይ አዲስ ዳታ ሲያስቀምጥ ነው። ምንም ኤረር አይመጣም። ሁለት ተለዋዋጮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ እሱም አሮጌውን እያሰላ አዲሱን ያሰላ ይመስለዋል። ያኔ መድኃኒቱ ምርመራ ነው። ፓይተን ላይ «ዲር» ብሎ በባዶ ቅንፍ ቢጠራ እስካሁን የተሰየሙት ስሞች ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ ሁለቱም «ዕድሜ»ዎች እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። አንዱ በዐይኑ፣ አንዱ በአልፋው።

በላክሽልኝ ገጽ ላይ ሁለቱንም አይቻለሁ። ከላይ «ዕድሜ» ነው፣ ሠንጠረዡ ስር «እድሜ» ሆኗል። በዐይኑ ስለጀመርሽ እስከ መጨረሻው በዐይኑ ሂጂ።