ሰንጢ እጅ ሲያቆስል፦ ስለ እጀታ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

እጀታ መሥራትና መጠገን እንጀራዬ ነው፤ የምሠራውም እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ስለ ሰንጢ እጀታ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ማሽን የሌለው ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲሠራው አስቤ ነው የምመልሰው፤ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ይበቃል።

ጥያቄ (ከሽንብጥ)፦ ወንድምዓለም፣ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ስከፍት ነው የምውለው። የሰንጢዬ ስለት ጥሩ ነው፤ እጀታው ግን የአመልካች ጣቴን ሥርና መዳፌን አቁስሎኛል። ምን ልጠቅልልበት?

መልስ፦ ገና ምንም አትጠቅልልበት። መጀመሪያ የሚያቆስልህ የቱ ጋ እንደሆነ ይታወቅ። ከሰል አድቅቀህ በጥቂት ዘይት ለውስና እጀታውን ዙሪያውን ቀባው። ከዚያ እንደ ልማድህ ሩብ ሰዓት ያህል ሥራበት። ጥቁሩ ከእጀታው ተፍቆ እጅህ ላይ አጥብቆ የታተመበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። ሰው ሁሉ «እጀታው በሞላ ይጎረብጣል» ይላል፤ ሲታይ ግን ሁለት ወይ ሦስት ነጥብ ነው።

ርካሽ ሰንጢ ላይ ነጥቦቹ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ከጎኑ ልባስ (እጀታውን ግራና ቀኝ ከሚሸፍነው ፕላስቲክ ወይም እንጨት) ሥር ያለው ስስ ብረት ትንሽ ወጣ ብሎ የቀረበት ጠርዝ ነው። ሌላው ኪስ ላይ የሚሰካበት ክሊፕ ነው። መዳፍ የሚወጋው የጭራው ማዕዘንም አለ። ክሊፑ ከሆነ ፍታውና አስቀምጠው፤ በአንድ ደቂቃ ተገላገልክ። ብሎኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ኮከብ ቅርፅ ያላቸው፣ ቶርክስ የሚባሉት ናቸው፤ ቲ6 ወይም ቲ8 ቁልፍ ፈልግላቸው። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከታገልካቸው ራሳቸውን ትበላቸዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈታቸው የለም።

ጠርዝ ከሆነ ሰንጢውን ዝጋ፤ እንዳይከፈት በፕላስተር እሰረው፤ በጨርቅ ጠቅልለህ ሞርሳ (አጥብቆ የሚይዝ መንከሻ) ላይ አስረው። ሞረዱን በ45 ዲግሪ ያህል አጋድመህ ጠርዙን ስበር፤ ከዚያ ሁለቱን አዲስ ማዕዘኖች አለዝባቸው። በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ በ220 እና በ400 ጨርስ። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ስታነሳ የሚመጣውን ለውጥ እስክትይዘው አታምንም። ጥንቃቄው ስለቱ በሚገባበት ስንጥቅ በኩል ነው፤ እዚያ ብዙ ከበላህ ሰንጢው ሲታጠፍ የስለቱ ጫፍ ከእጀታው በላይ ብቅ ይልና ኪስህን፣ ብሎም ጣትህን ይበላል። በየመሃሉ ፕላስተሩን እየፈታህ፣ እያጠፍክ እየው።

ጥያቄ (ተማሪ ነኝ)፦ ለእያንዳንዱ ጣት ቦይ ብቀርጽለትስ? ሥዕሎች ላይ ያምራል።

መልስ፦ ሥዕል ላይ ያምራል፤ እጅ ላይ አያምርም። ሰንጢ በአንድ አያያዝ ብቻ አይያዝም። እንጨት ስትቀርጽ አውራ ጣትህ የስለቱ ጀርባ ላይ ይሄዳል፤ ገመድ ስትቆርጥ ሙሉ ጭብጥ ነው፤ ብርቱካን ስትልጥ በሦስት ጣት ነው። አራት ቦይ የሚያገለግለው ከነዚህ አንዱን ነው፤ በሌሎቹ በቦዮቹ መካከል ያለው ጉብታ አዲስ ቁስል ይሆንብሃል። ወንድምህ ቢዋስህም እጁ ከአንተ እጅ ጋር አይገጥምም። ካልሆነ አልተኛም ካልክ አንድ ጠለቅ የማትል ቦይ ብቻ፣ ማጠፊያው አጠገብ፣ ለአመልካች ጣት። እሷ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ትይዛለች። ለቀረው መሃሉ ትንሽ ሆድ ያለው እጀታ ይበልጣል።

ጥያቄ (ከሐይቁ ዳር)፦ ጋሼ፣ እኛ ዓሣ ፊሌቶ ነው የምናወጣው። ቀረሶ ሲሆን እንደ ምንም እንይዘዋለን፤ አምባዛ ሲሆን ግን ሰንጢው ከእጃችን ይሾልካል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ለፊሌቶ የማይታጠፍ ቢላ ያዙ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ሙልጭልጭ ነው፤ ያ ልጋግ ማጠፊያው ውስጥ ይገባና ይሸታል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። በተለይ ሰንጢው በሞላ (በስፕሪንግ) ብቻ የሚቆም፣ መቆለፊያ የሌለው ከሆነ ጫፉን ገፍታችሁ ስትወጉ ጣታችሁ ላይ ሊታጠፍ ይችላል።

ሌላ የለንም፣ ያለው ይኸው ነው ካላችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። የእጀታውን ልስላሴ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አጥፉት። ከዚያ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ወርዱን የሚያቋርጡ ስስ መስመሮች፣ በሦስት ሚሊ ሜትር ርቀት፣ ሁለቱም ጎን ላይ አውጡ። ጥልቅ አታድርጓቸው፤ የዓሣው ቁራጭ ይሰገሰግበትና ማጠቡ መከራ ይሆናል። መስመሮቹ ቁመቱን ተከትለው ከሄዱ ደግሞ ምንም አይጠቅሙም፤ እጅ የሚንሸራተተው በዚያው አቅጣጫ ነው። ከሥራ በኋላ ከፍታችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ማጠፊያው ላይ ቫዝሊን በእንጨት ጫፍ ንኩት። የምግብ ዘይት አታድርጉ፤ ውሎ አድሮ ይጣበቃል።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ የቡና እንጨት ለሰንጢ ልባስ ይሆናል? ጉንደላ ስናደርግ ብዙ ግንድ ይወድቃል።

መልስ፦ ይሆናል፣ ያውም በጣም! ጠንካራ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ ሲወለወል ያበራል። ለልባስ የሚበቃ ወርድ እንዲኖረው ያረጀውን፣ ወፍራሙን ምረጡ። ጠላቱ ስንጥቅ ነው። እንደ ተቆረጠ ሁለቱን ጫፍ በቀለጠ ሰም ድፈኑት፤ ፀሐይ ሳይሆን ጥላ ላይ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ለወራት ተዉት። ጫፉ ክፍት ከሆነ በዚያ በኩል ቶሎ ይደርቃል፤ መሃሉ ገና እርጥብ ነው፤ ስንጥቁ የሚመጣው ከዚህ አለመመጣጠን ነው። ሲሰነጠቅ ደግሞ ከልቡ ስለሚጀምር ልቡን ትታችሁ ከዳሩ ውሰዱ።

ልባሱን ለመግጠም አሮጌውን ፍቱና አዲሱ እንጨት ላይ አስቀምጣችሁ በእርሳስ ዙሩት፤ የብሎን ቀዳዳዎቹንም በዚያው ቅዱ። አዲሱ ከአሮጌው ከወፈረ የድሮው ብሎን አይደርስም፤ ወይ ረጅም ብሎን፣ ወይ የብሎኑ ራስ የሚሰጥምበት ጎድጓዳ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቆመው። በስዊዞቹ ቪክቶሪኖክስ ላይ ግን ሥራው ይቀላል፤ የፕላስቲኩ ልባስ ከሥሩ ባሉት የሪቬት (ብረቶቹን አጣብቆ የያዘው ምስማር) ራሶች ላይ ተጭኖ የገባ ስለሆነ ሪቬቱን ሳትነኩ ልባሱን ብቻ ፈልቅቃችሁ ታወጣላችሁ፤ እንጨቱ ጀርባ ላይ ለሪቬቶቹ ራስ ጎድጓዳ ታበጁና በኤፖክሲ (ሁለቱ ተቀላቅለው በሚደርቁ ማጣበቂያ) ትለጥፋላችሁ። ኤፖክሲው ከመቀባቱ በፊት ብረቱንም እንጨቱንም በሻካራ ወረቀት አሻክሩ፤ ማጠፊያው ዙሪያ ሰም ቀቡ፣ የፈሰሰው እንዳይዘው። እስከ ማግስቱ አትንኩት።

የቡና ካልተገኘ ወይራ አለ፤ ዋንዛም ለሞረድ ይመቻል፣ ግን ለስለስ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል። ለሰንጢ ብሎ ቋሚ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ካለ ግን ከእኔ ጋር አንግባባም፤ ለሁለት ልባስ የሚሆን ቁራጭ ከየትኛውም አናጢ ደጅ ይገኛል።

ጥያቄ፦ አባቴ የእጅ ቁርጥማት አለባቸው። ሰንጢያቸውን መጨበጥ አቅቷቸዋል፤ አዲስ ብንገዛላቸው ደግሞ አይወዱም።

መልስ፦ እህትዓለም፣ እግዜር ይማርልሽ። ለእሳቸው መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው የሚያስፈልገው። ለሙሉ ጭብጥ የሚመከረው የእጀታ ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የኪስ ሰንጢ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ጣቶች ከልክ በላይ ይታጠፋሉ፣ መገጣጠሚያው ይታመማል። የብስክሌት ካላማዳሪያ ባሕር ዳር ሞልቷል። ሁለት ቁራጭ በእጀታው ጎን ልክ ቁረጪና በኮላ ግራና ቀኝ ለጥፊ፤ ካልበቃ ደርቢው። ዙሪያውን ግን አትጠቅልይ፤ የስለቱ መግቢያ ይደፈንና ሰንጢው አይታጠፍም። ወፍራም ቆዳም እንዲሁ ይሠራል፣ ለእጅም ይሞቃል።

ምናልባት የሚያስቸግራቸው መያዙ ሳይሆን መክፈቱ ከሆነ እጀታው ላይ የሚሠራ ሁሉ ከንቱ ነው። ማጠፊያውን አጽድተሽ ዘይት ጠብ አድርጊበት፤ ያኔም ካልከፈቱት ሞላው ጠንካራ ነው ማለት ነውና ለስለስ ያለ ሰንጢ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ በቫርኒሽ ልጨርሰው?

መልስ፦ አይሆንም። ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሲያረጅ ይላጣል። የተልባ ዘይት በስሱ ቀብተህ ትርፉን ጥረግ፤ ሲደርቅ ድገም። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ግን ጨምድደህ ጥግ ላይ አትጣል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨመደደ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግተህ ውጪ አድርቀው።

ጥያቄ (ከጎርጎራ)፦ ኦፒኔል የሚባል የፈረንሳይ ሰንጢ በስጦታ አገኘሁ። ክረምት ላይ እጀታው ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል።

መልስ፦ እጀታው አንድ ወጥ የቢች እንጨት ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል። ሲይዝህ በጥፍርህ አትታገል፤ መጀመሪያ የሚዞረውን ቀለበት ክፈት፣ ከዚያ የእጀታውን ጭራ ጠረጴዛ ላይ መታ አድርገው፤ ስለቱ ብቅ ይላል። በጋ ላይ በደንብ ሲደርቅ ስለቱ የሚገባበትን ስንጥቅ ውስጡን በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አስፋና የተልባ ዘይት አጠጣው። እጀታውን በልክህ ለመሞረድም ከዚህ የሚቀል የለም፤ ከቀለበቱ ሥርና ከስንጥቁ ግድግዳ ብቻ እጅህን አንሳ።

ጥያቄ፦ የበሬ ቀንድስ?

መልስ፦ ውብ ነው፤ ግን ይጣመማል። ለማቅናት ይቀቀላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ቆላ ካለ ሰው ረዘም አድርጋችሁ ቀቅሉ። እንደ ለዘበ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መካከል ሞርሳ ላይ አጥብቃችሁ እስኪበርድ ተዉት። ከመለጠፉ በፊትም ሳምንታት ይረፍ፤ ቀንድ እንደ እንጨት እርጥበት ይጠጣል። ሲሞረድ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፤ ሽታው ሰፈር ያውካል። ለዓሣ ሠራተኞች አይሆንም፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ፤ የአቮካዶና የማንጎ ችግኝ አዳቅላለሁ። የማዳቀያ ሰንጢዬ አልገጥም አለኝ፤ እጀታውን ልቀይር?

መልስ፦ ስለቱን እየው። ብዙዎቹ የማዳቀያ ሰንጢዎች በአንድ ጎን ብቻ የተሳሉ፣ ለቀኝ እጅ የታሰቡ ናቸው፤ በግራ ስትቆርጥ ወደ እንጨቱ ይገባብሃል ወይ ይወጣብሃል። ያን እጀታ አያድነውም። የግራኝ ወይም በሁለት ጎን የተሳለ ፈልግ።

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ እጀታ በእሳት አለስልሼ በጭብጤ ላትመው?

መልስ፦ እጅህን ታቃጥላለህ፣ ጭሱም መርዝ ነው፣ እጀታው ተጣሞ ስለቱን ያንቀዋል። ተወው።

ጥያቄ፦ ውስጡ ያለው የብረት መቆለፊያ ስዘጋው አውራ ጣቴን ይወጋኛል። ልሞርደው?

መልስ፦ ጣትህ የሚነካውን ጠርዝ ብቻ፣ በ400 ወረቀት፣ ስለቱን በፕላስተር ከሸፈንክ በኋላ። ከስለቱ ሥር ጋር የሚገናኘውን ግንባር ግን አንድ ፀጉር ታህል እንዳትነካ፤ ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው። ስትጨርስ ፕላስተሩን አንሳና ክፈተው፤ ጣቶችህን ከስለቱ መታጠፊያ መንገድ አርቀህ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ቀለል አድርገህ መታ መታ አድርግ። ከሾለከ ያ ሰንጢ ከእንግዲህ ደብዳቤ ከመክፈት ያለፈ ሥራ አይሰጠው።